«ጊልቲ ብዬ ወጣሁ፤ አሁን ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዲሲ ዙሪያ የሚኖር አበሻ ከፍርድ ቤት ሲመለስ የሚያወራው ታሪክ ይመሳሰላል። «ጠበቃዬ ጊልቲ በልና ቤትህ ግባ አለኝ። ብዬ ወጣሁ። እስር የለም፣ ፕሮቤሽን ብቻ ነው።» ጊልቲ ማለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው፤ ፕሮቤሽን ደግሞ ሳይታሰሩ በኦፊሰር ክትትል ሥር መቆየት። ቤተሰብ እፎይ ይላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፍና መሥሪያ ቤቱ ባክግራውንድ ቼክ ያደርጋል፤ የወንጀል መዝገብ ያጣራል። ወይም ፕሮቤሽን ኦፊሰሯ የሰጠችው ቀጠሮ ልክ በሥራ ሰዓት ይሆናል። ስልኬ የሚጮኸው ያኔ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው ዘመድ አዝማድና ጎረቤቶች ብዬ ፍርድ ቤት ስመላለስ ግን ዓመታት ሆኑኝ። የምመላለሰው ቨርጂኒያ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የቨርጂኒያ ነገር ነው። ሜሪላንድና ዲሲ የሚለዩበትን ቦታ እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ።

ጊልቲ ካልኩ በኋላ ቃሌን ማንሳት እችላለሁ?

እኔ መልሼ የምጠይቀው «የተፈረደብዎ መቼ ነው?» ብዬ ነው። ሰው ስለ አለቃው፣ ስለ ዳኛው ፊት፣ ስለ ጠበቃው ግዴለሽነት ግማሽ ሰዓት ያወራኛል። ቀኑን ግን አያውቀውም። ወረቀቱ ላይ አለ፤ ይፈልጉት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቀላል የሚባለው ወንጀል፣ ማለትም ሚስዲሚነር፣ ለአዋቂ ሰው በአብዛኛው መጀመሪያ የሚታየው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። እዚያ ከተፈረደብዎ በ10 ቀን ውስጥ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ጊልቲ ብለውም ቢሆን። ሕጉ ይህን በግልጽ ይላል። ምክንያት አይጠየቁም። «አልገባኝም ነበር»፣ «ጠበቃዬ አሳሳተኝ» ማለት አያስፈልግም። ጸሐፊው መስኮት ሄደው ይግባኝ እንደሚሉ ይናገራሉ፣ ፎርሙ ላይ ይፈርማሉ። ክሱ ከዜሮ ይጀመራል።

ይህን የሚያውቅ ሰው እምብዛም ነው። ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ልጅ በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። በማግስቱ መስኮቱ ሲከፈት ሰልፉ ላይ ፊተኞቹ እኛ ነበርን። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ወረቀቱን ገፋ አደረገችልን፣ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቅዳሜና እሁድን አስቦበት ሰኞ ቢደውል ኖሮ ይህን መንገድ ልነግረው አልችልም ነበር።

አደጋ አለው ወይ? አዎ። ሰርኪዩት ኮርት በመጀመሪያው ቅጣት አይገደድም። ክላስ ዋን የሚባለው ሚስዲሚነር እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። በስምምነት ያገኙት ፕሮቤሽን ይቀርና የባሰ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ እላለሁ። ጠበቃ እስኪገኝ ብለው ደግሞ አስረኛውን ቀን አያሳልፉ።

ፌለኒ፣ ማለትም ከባዱ ወንጀል፣ ከሆነስ?

ይኼኛው በር ጠበብ ይላል። ቅጣቱ ገና ካልተወሰነ፣ ቃልዎን ለማንሳት ለዳኛው ማመልከት ይቻላል። ዳኛው በዋናነት የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው ከልብ ነው ወይስ ጊዜ ለመግዛት? ሁለተኛ፣ ቢፈቀድልዎስ የሚከራከሩበት ነገር አለዎት? «ሥራዬን ላጣ ነው» ሁለተኛውን ጥያቄ አይመልስም። «ካሜራው ላይ የሚታየው ሰው እኔ አይደለሁም» ይመልሳል።

ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላ የቨርጂኒያ ዳኛ ፍርዱን ማንሳት የሚችለው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ እሱም ግልጽ የሆነ ኢፍትሐዊነት ካየ ብቻ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማመልከቻ በ21 ቀን ውስጥ ማስገባት አይበቃም። ዳኛው ራሱ በዚያው ጊዜ ውስጥ ፍርዱን ማንሳት ወይም ማገድ አለበት። በሃያኛው ቀን የገባ ማመልከቻ የሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ያልፍበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ከቅጣት በኋላ ቃል ለማንሳት ማመልከቻው መግባት ያለበት በ10 ቀን ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ ከቅጣት በኋላ ይህን ዓይነት ማመልከቻ ጭራሽ አይቀበልም፤ የሚቀረው ይግባኝ ወይም ፍርዱን ራሱን በሌላ ክርክር መቃወም ነው።

«ሥራዬን እንደማጣ ማንም አልነገረኝም።» ይሄ በቂ ምክንያት አይደለም?

ብቻውን፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አይደለም። የማያስደስት መልስ መሆኑን አውቃለሁ።

ፍርድ ቤቶች ውጤቱን ለሁለት ይከፍሉታል። እስሩ፣ መቀጮውና ፕሮቤሽኑ የፍርዱ ቀጥተኛ ውጤት ይባላል፤ ይህን ሳያውቁ የሰጡት ቃል ሊፈርስ ይችላል። ሥራ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የኪራይ ቤት የመሳሰለው ግን የጎን ውጤት ነው። ለእኛ ዋናው ሥራው ነው፤ ለፍርድ ቤቱ የጎን ነገር ነው።

ሌላው እንቅፋት ራስዎ ያሉት «የስ» ነው። ጊልቲ ከማለትዎ በፊት ዳኛው ይጠይቃል። ያስገደደህ ሰው አለ? የተባለው ሁሉ ገብቶሃል? በጠበቃህ ሥራ ረክተሃል? የእኛ ሰው ለሁሉም «የስ፣ የስ ዩር ኦነር» ይላል። «ያስገደደህ ሰው አለ?» የሚለውም ላይ «የስ» ብሎ ጠበቃውን ያስደነገጠ ሰው አይቻለሁ። ለዳኛ «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። ከሳምንታት በኋላ «አልገባኝም ነበር» ሲሉ፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚያነበው ያንኑ «የስ» ነው።

ዳኞች ለምን እንዲህ ቆጣቢ ሆኑ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ውሳኔው ላይ እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ደረጃ ከመቶ 97፣ በስቴት ደረጃ ከመቶ 94 የሚሆነው የጥፋተኝነት ፍርድ የሚገኘው ተከሳሹ ራሱ አምኖ ነው። ይህ ሁሉ ሰው እየተመለሰ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ቢል ፍርድ ቤቱ ሥራ ያቆማል።

ግሪን ካርድ ካለኝስ?

እዚህ ላይ ጨዋታው ይለወጣል። ጆዜ ፓዲያ የሚባል የሆንዱራስ ተወላጅ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ፣ አሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የኖረ ግሪን ካርድ ያዥ። ኬንታኪ ውስጥ መኪናው ላይ ማሪዋና ተገኘ። ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን ኖረህ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» አለው። ጊልቲ አለ። ከዚያ ሊያባርሩት ተነሡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወሰነው፣ ጠበቃ ጊልቲ ማለት ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው መንገር ግዴታው ነው ብሎ ነው። ስለዚህ ስለ ሥራ አለመነገር የማይከፍተውን በር፣ ስለ ኢሚግሬሽን አለመነገር ሊከፍተው ይችላል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ዳኛው ራሱ ማስጠንቀቅ አለበት፤ ካላስጠነቀቀ ቃልን ለማስነሣት ምክንያት ይሆናል።

አሁን የፍርድ ወረቀትዎን ያውጡና ቅጣቱ የተጻፈበትን መስመር ይዩ። «12 ወር፣ 12ቱም ወር የታገደ» ይላል? ሰው ይህን አይቶ «አልታሰርኩም» ይላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የታገደውንም እንደ እስር ይቆጥረዋል። ስርቆት ከሆነና ቅጣቱ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቀላል የነበረው ክስ በኢሚግሬሽን ዘንድ ከከባዶቹ ተርታ ሊገባ ይችላል። ከሱቅ በተወሰደ ሽቶ! 12 ወር ሳይሆን 364 ቀን ቢባል ኖሮ፣ ዓመት ስለማይሞላ፣ ነገሩ ይለይ ነበር። አንዳንዴ ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ የሚታገለው ጊልቲውን ለማስነሣት ሳይሆን ለዚህች አንድ ቀን ነው። እሷም በዚያው በ10 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ስትጠየቅ ነው የምትቀለው።

ዜግነት ያመለከቱም ይወቁት፦ ፕሮቤሽን ላይ እያሉ ማመልከቻው አይጸድቅም።

ግን እውነት ጊልቲው ነው ሥራዬን የሚያሳጣኝ?

ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቀኝም። እኔ ነኝ የምጠይቀው። «ልባረር ነው» ካሉኝ ሰዎች ብዙዎቹን ሥራ ያሳጣቸው የጥፋተኝነት ፍርዱ አልነበረም፤ የፕሮቤሽኑ ሁኔታ ነው። ቀጠሮው፣ የሽንት ምርመራው፣ ከስቴት አትውጣ የሚለው። ይሄ ደግሞ በጣም በቀለለ መንገድ ይስተካከላል።

አንዲት እህት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ትሠራለች። ከሌሊት ፈረቃ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ቀጠሮዋ 2 ሰዓት ተኩል፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ሌላ ከተማ። ሁለቴ አረፈደች። ሦስተኛውን ለመድረስ ፈረቃዋን ቀድማ ለቅቃ ወጣችና አለቃዋ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት። «ጊልቲውን አስነሺልኝ» ብላ መጣች። ፕሮቤሽን ኦፊሰሯን ሰዓት እንድትቀይር ጠይቃ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እንዴ፣ እሷ እኮ መንግሥት ናት!» አለችኝ። ከመሥሪያ ቤቷ የሥራ ሰዓቷን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አጻፍን። ቀጠሮው ወደ ከሰዓት በኋላ ዞረ። በቃ።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ ሰፈር ፖቶማክን መሻገር ከስቴት መውጣት ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ዲሲ የሚሠራ ሾፌር በቀን አምስቴ ይሻገራል። ወረቀቱ ላይ «ያለ ፈቃድ ከቨርጂኒያ አትውጣ» የሚል ካለ ለሥራ የሚሆን ቋሚ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአፍ «ችግር የለም» ቢሉዎት አይርኩ። ኦፊሰሩ ሲቀየር ያ ቃል አብሮት ይሄዳል።

ኦፊሰሩ እምቢ ካለ ዳኛው አለ። በቨርጂኒያ ሕግ ፍርድ ቤቱ የፕሮቤሽኑን ጊዜ ማሳጠርም ማስረዘምም፣ ሁኔታዎቹንም መለወጥ ይችላል፤ ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ጉዳዩ ችሎት ቀርቦ። የ21 ቀኑ ገደብ እዚህ የለም። ክፍያውን አጠናቀው፣ የታዘዙትን ትምህርት ጨርሰው፣ አንድም ቀጠሮ ሳያጎድሉ ከሄዱ ሰሚ ያገኛሉ። ፌዴራል ፕሮቤሽን ከሆነ ሚስዲሚነር በማንኛውም ጊዜ፣ ፌለኒ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀድሞ እንዲያልቅ መጠየቅ ይቻላል።

«ፕሮቤሽኑን ጨርሰህ ስትወጣ ይሰረዝልሃል» ተብያለሁ። ታዲያ ለምን እጨነቃለሁ?

ማን እንደሚጠይቅዎ ይወሰናል። ሜሪላንድ ፒቢጄ የሚባል ነገር አለ፤ ዳኛው ፍርዱን ሳያስገባ ፕሮቤሽን ይሰጣል። በሜሪላንድ ሕግ ይሄ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። ቨርጂኒያም ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጠብ ተመሳሳይ አሠራር አላት፤ ሲጨርሱ ክሱ ይዘጋል፣ መዝገቡ ግን አይፋቅም።

ኢሚግሬሽን ይህን ሁሉ አይሰማም። ጊልቲ ብለው ፕሮቤሽን ከተጣለብዎ ለእሱ ጥፋተኛ ነዎት። የአውሮፕላን ማረፊያ ባጅም እንደዚያው። ደለስ ወይም ሬገን የሚሠራ ወገን ብዙ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ባጅ የሚያስከለክሉ ወንጀሎች ዝርዝር አለው፤ ወደኋላ 10 ዓመት ይቆጥራል፤ ጊልቲ ማለትን ራሱን እንደ ጥፋተኝነት ያየዋል። ባጅ ይዘው በዝርዝሩ ካለ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለብዎ። ነርስና ሆም ኬር የሚሠሩም፣ ከመንግሥት የጤና መድን፣ ከሜዲኬርና ሜዲኬይድ፣ ገንዘብ የሚያስወጣው የፌዴራል ዝርዝር ዳኛው ሳያስገባ ያንጠለጠለውን ፍርድም እንደሚቆጥር ይወቁ። ወንጀሉ የግድ ከሚያስወጡት ከሆነ እገዳው ቢያንስ 5 ዓመት ነው።

ሾፌር ነኝ፤ በዲዩአይ፣ ጠጥቶ በመንዳት፣ ነው የተፈረደብኝ።

ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ካለዎት በራስዎ መኪና፣ በእረፍት ቀንዎ ቢሆንም ለአንድ ዓመት ሲዲኤሉ ይታገዳል። ሁለተኛ ከሆነ ለዕድሜ ልክ። ዳኛው ለሥራ መመላለሻ የሚሰጠው ውስን ፈቃድ ትንሿን መኪና ያስነዳዎታል፤ ከባዱን አይደለም። ይሄን ፕሮቤሽን ኦፊሰር አያስተካክለውም፤ ጊልቲው ራሱ ነው። ለሾፌር፣ ያችን የ10 ቀን ይግባኝ አጥብቆ ማሰብ የሚገባው እዚህ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚሠሩም ድርጅቶቹ በየጊዜው መዝገብ ስለሚያጣሩ «አልተነቃብኝም» ብለው አይዝናኑ።

ለአለቃዬ ልንገረው?

መጀመሪያ ሲቀጠሩ የፈረሙትን ያንብቡ። አንዳንዱ ውል አሳውቅ ይላል። ሲዲኤል የያዘ ሰው ከፓርኪንግ በቀር ማንኛውንም የትራፊክ ጥፋት ፍርድ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ግዴታ ከሌለ የእኔ ምክር ሳይጠየቁ አይቀባጥሩ፣ ሲጠየቁ ደግሞ አይዋሹ ነው። በፍርዱ ሳይሆን በፎርሙ ላይ በሞላው ውሸት የተባረረ ሰው አውቃለሁ።

አሠሪው ያጣራው በሌላ ኩባንያ በኩል ከሆነ፣ ከማባረሩ በፊት የሪፖርቱን ኮፒ ሊሰጥዎ ይገባል። ተቀብለው ያንብቡት። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝልን፣ ስማችንም ስለሚመሳሰል፣ የሌላ ሰው ክስ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሥራ የሚፈልጉ ከሆነ ዲሲ ውስጥ ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ስለ ወንጀል መዝገብ መጠየቅ የሚችለው፣ ከጥቂት ሙያዎች በቀር፣ ሥራውን እሰጥሃለሁ ካለ በኋላ ነው።

አስተርጓሚ አልነበረኝም። ወይም ነበር፣ ግን አልተግባባንም።

ይሄ ከሥራው ነገር ይልቅ ክብደት አለው። ቃሉ አውቀውና ወደው የሰጡት ካልሆነ መሠረት የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ በወንጀል ክስ አስተርጓሚ በነጻ ይመደባል። «ወንድሜ ያስረዳኛል» ብለው አይለፉት። ችግሩ፣ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት የተባለውን ቃል በቃል የሚመዘግብ ፍርድ ቤት አይደለም። ምን ተብሎ እንደተተረጎመልዎ በኋላ ማሳየት ከባድ ነው። የ10 ቀኑ ይግባኝ እዚህም ይሻላል።

ትርጉሙ ራሱ ያሳስታል። ፕሮቤሽንን «አመክሮ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። አገር ቤት አመክሮ ማለት እስረኛው የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ በመልካም ጠባይ መውጣቱ ነው። ሰሚው «አለቀ፣ ተለቀቅሁ» ብሎ ይረዳዋል። «ገደብ» ቢባል ይቀርባል። እሱም ቢሆን በየወሩ ቀጠሮና የሽንት ምርመራ እንዳለው አይነግርዎትም። እኔ ፕሮቤሽን ብዬው እተወውና ምን ምን እንደሚያስደርግ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ።

ቀኖቹ ሁሉ አልፈዋል። በቃ?

ጠበቃው በእርግጥ ካሳሳተዎ ሄቢየስ የሚባል፣ ፍርዱን ራሱን በሌላ ክርክር የሚቃወሙበት መንገድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ በመደበኛው ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት ነው ጊዜው። ገና ፕሮቤሽን ላይ ወይም የታገደ ቅጣት ላይ መሆን ደግሞ ይጠቅማል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ይሄ በር ይዘጋል። ለዚህ ሌላ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጠበቃ ራሱን አይከስም። ፋይልዎን ከእሱ ይጠይቁ፣ የእርስዎ ነው። ሜሪላንድ ፕሮቤሽኑ ካለቀም በኋላ ከባድ ጉዳት ለሚደርስበት ሰው ኮራም ኖቢስ የሚባል መንገድ አላት።

ፕሮቤሽን ላይ ሆኜ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ?

ከኦፊሰሩ ወይም ከዳኛው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚሄዱበትና የሚመለሱበት ቀን የተጻፈበት። ግሪን ካርድ ያዥ ከሆኑ ግን ፈቃዱ ግማሹ ብቻ ነው። ሲመለሱ ደለስ ላይ የሚጠብቅዎ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ወረቀት እሱን አያስገድደውም። ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት የፍርድ ወረቀቱን ይዘው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ትኬት ቆርጠው የሚደውሉልኝ ይበዛሉ።